ሂክመት ያመለጣት ምዕራፍ

ዓርብ መጋቢት 1 ቀን 2009፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ሽምብራው አልለሰለሰም። ከጠዋት ጀምሮ ተዘፍዝፎ፣ አሁንም ስቴኪኒ ስሰካበት ለሁለት ይሰነጠቃል። የሱዳን ሽምብራ ግትር ነው። ውሃ ቀይሬለት ተውኩት።

ለመብላት አይደለም፣ ደብተሬ። ለመማሪያ ነው። ጠዋት ሂክመት መጣች፤ የዘይነባ እህት። ጫማዋን አውልቃ ገባችና ቁጭ አለች። አድጋለች። እዚህ ባለው የኢትዮጵያውያን ት/ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆናለች፣ ግንቦት ላይ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ትቀመጣለች። ከኬሚስትሪ አንድ ምዕራፍ ባዶ ሆኖብኛል አለችኝ። የአሥራ አንደኛ ክፍሉ፣ ስለ ቦንድና ስለ ሞለኪውል ቅርፅ ያለው። ያኔ ወር ሙሉ ት/ቤት አልሄድኩም ነበር አለች። ያኔ ማለቷ እህቷ የሞተች ጊዜ ነው።

እሺ አልኳት። ምን ልበላት? እዚህ ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር ውስጥ ኬሚስትሪ ያስተማረ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ደብረ ታቦር ስድስት ዓመት የጠመኔ ብናኝ ስውጥ ኖሬ እዚህ የቢሮ ወለል እወለውላለሁ። ሴቶቹ ግን አሁንም "ቲቸር" ይሉኛል። ድሮ ደስ ይለኝ ነበር።

ላንቺ ልንገርሽ፣ ደብተሬ። ያ ምዕራፍ ያመለጣት በኔ ነው። እህቷም የሞተችው በኔ ነው። ልጅቷ አታውቅም። ዓርብ ዓርብ እመጣለሁ ብላ ሄደች።

ሰኞ መጋቢት 4፣ ከጠዋቱ 3 ሰ.

ካርቱም ሁለት፣ የምሠራበት ሰፈር። ቢሮው ገና ባዶ ነው። መጸዳጃ ቤቱን በሳሙናና በብሩሽ ፈትጌ ጨረስኩ። እጄ ተልጧል። አለቃዬ በረኪና ገዝቶ አስቀምጧል፤ ለምን አትነኪውም ይላል። አለርጂ አለብኝ አልኩት። ዘይነባ ከሞተች ዓመት ከሦስት ወር ሆነ፣ ከዚያ ወዲህ የበረኪና ክዳን አልከፈትኩም።

ይህ ሰውዬ ደግሞ አንድ ነገር ሲሸተው "ኬሚካል" ይላል። ሰው ሁሉ ኬሚካል ሲል መርዝ ማለቱ ነው። ያናድደኛል። ውሃስ ምንድን ነው? ስኳርስ? አስተማሪነቴ አልለቀቀኝም።

የምጽፈው ሌላ ነገር ነበር። ረስቼዋለሁ። አይ፣ አልረሳሁም። ደረጃው ላይ የዘይነባን ድምፅ ሰማሁ። "የኔ የትኞቹ ናቸው?" ስትል። ዘወር አልኩ። ማንም የለም፣ የማቀዝቀዣው ድምፅ ነው። ሁልጊዜ የሆነ ነገር ድምፅ ነው።

ዓርብ መጋቢት 8፣ ከቀኑ 9 ሰ.

የመጀመሪያው ትምህርት።

ካህረባ የለም፣ መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል። ክፍሉ ጢም ብሏል። (ይህ ክፍል የጁምዓ ክፍል ነው። ሰው ቤት እያደሩ የሚሠሩት ልጆች ለእረፍታቸው ቀን በጋራ ተከራይተውታል። ሳምንቱን እኔ እኖርበታለሁ፣ ዓርብ አሥራ አንድ ሴት ይመጣበታል። ፀጉር ይሠራል፣ ይተኛል፣ አገር ቤት ይደወላል፣ ይለቀሳል።) እኔና ሂክመት በሩ ጋ ጥግ ይዘን ተቀመጥን።

አቶም ብቻውን መሆን ለምን እንደማይወድ ነገርኳት። የውጪው ቤቱ ስምንት ኤሌክትሮን እስኪሞላ ድረስ ሰላም የለውም። አንዱ ለሌላው ይሰጣል፣ ወይም ሁለቱ ይጋራሉ። የሰጠና የተቀበለ በመሳሳብ ይያያዛሉ፣ እሱ አዮኒክ ነው። የተጋሩ ደግሞ የጋራ በሆነው ጥንድ ይያያዛሉ፣ እሱ ኮቫለንት ነው። በደንብ ገባት። ልጅቷ ፈጣን ናት፤ ዓረብኛ እየገባባት አማርኛዋ ነው የሚደናቀፍባት። "ያኒ፣ ሁለቱም የኔ ነው ይላሉ?" አለችኝ። አዎ አልኳት፣ ሁለቱም የኔ ነው ይላሉ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በስድስት ዓመት ውስጥ አልሰጠሁም።

ለአዮኒክ ምሳሌ ማግኒዥየምና ኦክስጅን ሰጠኋት። ለኮቫለንት ሃይድሮጅን (እሱ ሁለት ይበቃዋል)፣ ኦክስጅን፣ ናይትሮጅን። መጽሐፉን ገልጣ አየችኝ። እዚህ ላይ ግን በጨው ነው የሚጀምረው አለች፣ ቀጥሎም ክሎሪን አለ። በኋላ እንመጣበታለን አልኳት። ጨውን ዘለልኩት! የገበታ ጨው! የትኛው የኬሚስትሪ አስተማሪ ነው ቦንድ ሲያስተምር ጨው የሚዘለው?

ያ ሽምብራ በመጨረሻ ለሰለሰ፣ በላሁት፤ ሐሙስ ሌላ እዘፈዝፋለሁ። ለሚቀጥለው ሳምንት።

ቅዳሜ መጋቢት 9፣ ንጋት 12 ሰ.

ሴቶቹ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። ክፍሉ ባዶ ነው። ሲነጋ ሳል ሰማሁ። የዘይነባን ሳል። አጭር አጭር፣ ሰው እንዳይረብሽ የሚሳል ዓይነት። አስም ነበረባት።

እስከ ዛሬ እዚህ ላይ ጽፌው አላውቅም። ልጻፈው።

በረኪናና የመጸዳጃ አሲድ ካላክላ ገበያ በጀሪካን እየቀዱ ይሸጣሉ። ርካሽ ነው። ማዳሞቹ ለጽዳት ዕቃ የሚሰጡት ስለሚያንስ፣ ልጆቹ ከኔ ይወስዱ ነበር። ዓርብ ጠዋት ጀሪካኑን በየፕላስቲክ ጠርሙሱ አከፋፍላለሁ። ከመካከላቸው ማንበብ የማይችሉ ስላሉ ጽሑፍ አይረዳም። ስለዚህ ክር አሰርኩ። ነጭ ክር በረኪና፣ ቀይ ክር አሲድ። የኔ ፈጠራ ነው። ኮርቼበት ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ እንዳታፈሱ፣ የሚገድል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል ብዬ አስተማርኳቸው፣ እንደ ጸሎት ያዙት። ሁለት ዓመት አንድም ልጅ ሳትሳሳት ቆየን።

ያን ዕለት ቀይ ክር አለቀ። ገበያ መሄድ ሰነፍኩ። አሲዱን በነጭ ክር አሰርኩና ሁለት ቋጠሮ አደረግኩበት። ሁለት ቋጠሮ አሲድ ነው ብዬ ለመጣችው ሁሉ ነገርኩ። ለጽጌ ነገርኩ፣ ለሁሉም ነገርኩ። ዘይነባ ጉንፋን ይዟት አርፍዳ መጣች። ማዳሟ እንግዳ አለባት፣ ዕረፍቷን አሳጥራባታለች፣ ሀፍላው፣ አውቶቡሱ፣ ያመልጠኛል እያለች ነው። እኔ ጓሮ ፀጉሬን እየታጠብኩ ነበር። ከበር ላይ ጮክ ብላ "እትዬ ውቤ፣ የኔ የትኞቹ ናቸው?" አለች። ሳሙና ዓይኔ ውስጥ ገብቷል። በሩ ጋ ያሉት ሁለቱ አልኳት።

ይኸው ነው። ስለ ቋጠሮው አልነገርኳትም።

እሷ ሁለት ነጭ ክር አየች። ሁለት በረኪና ነው ብላ ወሰደች። በማግስቱ መታጠቢያ ቤት ዘግታ፣ እንግዶቹን ሽታው እንዳይረብሽ ዘግታ፣ አንዱን አፈሰሰች፣ አልበቃ አላት፣ ሁለተኛውን ጨመረችበት። በጉንፋን የታፈነ አፍንጫ ምን ይለያል? ሦስት ቀን ሆስፒታል ቆይታ ሞተች። ሐኪሙ የማይቀላቀል ነገር ቀላቅላ ነው አለ። ሁሉም ሰው እሱን ያዘ። ሳታውቅ ቀላቀለች። ምስኪን፣ ሳታውቅ።

ታውቅ ነበር። ከሁሉም የበለጠ የምትጠነቀቀው እሷ ነበረች።

ዓርብ መጋቢት 15፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ዛሬ ቅርፅ። ሂክመት ወደደችው። ሽምብራና ስቴኪኒ ሙሉ ትሪ።

ሜቴን ሠራን። መሀል ካርቦን፣ ዙሪያውን አራት ሃይድሮጅን። መጀመሪያ ጠፍጣፋ አድርጋ እንደ መስቀል ሠራችው፤ ሁሉም ተማሪ እንደዚያ ያደርጋል። ወረቀት ላይ ጠፍጣፋ ስለሚሳል ነው። ኤሌክትሮኖቹ እርስ በርስ ይገፋፋሉ አልኳት፣ የቻሉትን ያህል ይራራቃሉ፣ ስለዚህ ወደ ላይም ወደ ታችም ቦታ ይፈልጋሉ። ሰብራ እንደገና ሰካችው። ሦስት እግር መሬት፣ አንድ ወደ ሰማይ። ጽጌ ከወዲያ ሆና ይሄ ሽምብራ ለምን ይሰቃያል ብላ አሳቀችን። ጽጌ ካርቱም ሁለት አንድ ቤት ታድራለች፤ የጎንደር ልጅ ናት፣ ምላስዋ ስለት ነው።

ቀጥሎ ውሃ። አንድ ኦክስጅን፣ ሁለት ሃይድሮጅን። ሂክመት ቀጥ አድርጋ ሰካችው፣ ግራና ቀኝ። አይደለም አልኳት፣ እንደ ክንድ ይታጠፋል። ለምን? ሁለት ብቻ ከሆኑ ለምን አይራራቁም? ጥያቄዋ ልክ ነው። ከኦክስጅኑ ላይ ከማንም ጋር ያልተያያዙ ሁለት ጥንዶች አሉ አልኳት። ሽምብራ የላቸውም፣ ስቴኪኒ የላቸውም፣ ሞዴሉ ላይ አይታዩም። ግን ቦታ ይይዛሉ። እንዲያውም ከሚታዩት የበለጠ ይይዛሉ። የሚታዩትን እየገፉ ያጎብጧቸዋል።

"የማይታየው ነው የሚገፋው?" አለች።

አዎ አልኩ። ቀና ስል ሴቶቹን አየሁ። አሥራ አንድ ሴት በዚህች ጠባብ ክፍል ተጣበው፣ እግር በእግር ላይ ሆነው፣ ከመስኮቱ ሥር ያለችው ፍራሽ ባዶ ናት። የዘይነባ ፍራሽ። ማንም አትቀመጡ አላለም። አዲስ የመጣችው ልጅ እንኳ፣ ዘይነባን አይታት የማታውቀው፣ እዚያ አትቀመጥም። ሁሉም ወደ ግድግዳው ጎብጠው ተቀምጠዋል።

አንግሉ 104.5 ዲግሪ ነው ብዬ ለሂክመት ነገርኳት። ጻፈችው።

ጾም ስለሆነ ሜቴኑንም ውሃውንም ቀቅለን በላነው። ጨው አነሰው አሉ። ሳቅኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። ከዚያ ደስ ማለቴ አስጠላኝ።

ሐሙስ መጋቢት 21፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ጽጌ ደወለች። ሂክመትን ስታስተምሪ አየሁሽ፣ ፊትሽ ልክ አይደለም አለችኝ። እንዳትነግሪያት አለች። ስለ ቋጠሮው ለዘይነባ እንዳልነገርሻት ከኔና ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። ምን ይጠቅማታል? እህቷን አያስነሳላት። ፈተናዋን ነው የምታበላሺባት። ጽጌ ክፉ ሰው አይደለችም። ልክም ሊሆን ይችላል የምትለው። ልክ እንዲሆን እፈልጋለሁ፣ እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

ለአባ ተናዝዣለሁ፣ ባለፈው ዓመት። አልቅሰው አዘኑልኝ። ስግደት ሰጡኝ፣ ሰገድኩ። ጉልበቴ እስኪያብጥ ሰገድኩ። ግን እህት እንዳላት አልነገርኳቸውም። ሂጂና ንገሪያት እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። ንስሐ ላይ እንኳ ዘለልኩ።

ውሳኔ፦ ፈተናው እስኪያልፍ ዝም። ከዚያ እናያለን።

ዓርብ መጋቢት 22፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ሂክመት ክሎሪንን ራሷ ሠርታ መጣች።

ደብተሯን ዘረጋችልኝ። ሁለት አቶም፣ የውጪ ቤታቸው ሰባት ሰባት፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ይጎድላል። አንድ ጥንድ ተጋርተው ስምንት ስምንት ሞሉ። ቀሪውን ሦስት ሦስት ጥንድ ሳይቀር ነጥብ ነጥብ አድርጋ አስቀምጣለች። ቅርፁ ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ ሁለት ነጥብ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አንድም ስህተት የለበትም። "ኸላስ ቲቸር፣ አለቀ፣ በጣም ቀላል ነው እኮ። ለምን ዘለልሽው?"

ደብተሯን ዘግቼ መለስኩላት።

አውቃለሁ አለች። ዘይነባን የገደላት ይሄ ነው፣ አንብቤያለሁ፣ አንቺም ለኔ አዝነሽ ነው የዘለልሽው አለችኝ። አዝነሽ! እጄን ያዘችኝ። አጽናናችኝ። እጄን መንጠቅ ፈለግኩ፣ አልቻልኩም።

ከዚያ ሌላውን አመጣች። የሚመጣው ዓርብ እዚህ ለሴቶቹ ልናገር ትላለች። ከጎረቤት ክፍሎችም ይመጣሉ፣ አክስቷ እትዬ ሐዋ ለሁሉም ነግረዋል። ስለ ጽዳት ዕቃ፣ ምን ከምን እንደማይቀላቀል፣ ለምን እንደማይቀላቀል። ወረቀት አዘጋጅታለች፣ አይተሽ አርሚልኝ አለች። አነበብኩት። አማርኛው ይንገዳገዳል፣ ኬሚስትሪው ልክ ነው። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ እህቴ ዘይነባ ሳታይ ስለቀላቀለች ሞተች፣ እናንተ እንደሷ አትሁኑ።

እንደሷ አትሁኑ።

መቃብሯን አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ አልኳት፣ ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም። አልሄድኩም አለች። ተናድጄባታለሁ አለች። "ወላሂ ቲቸር፣ ጠርሙስ አንስታ ሳታይ እንዴት ታፈሳለች? ዓይን የላትም? እኔን ለማን ትታ ነው?" አለቀሰች። ዓመት ሙሉ የሞተች እህቷን ስትቆጣ ኖራለች። በሐሰት። በኔ ሐሰት።

ወረቀቱን ሳላርም መለስኩላት። ፊደሉን እንኳ አላረምኩም።

ቅዳሜ መጋቢት 23፣ ከጠዋቱ 1 ሰ.

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዘይነባ "የኔ የትኞቹ ናቸው?" አላለችም ዛሬ። ምንም አላለችም። ዝምታዋ ባሰ።

ማክሰኞ መጋቢት 26፣ ከቀኑ 12 ሰ.

ካላክላ ሄድኩ። ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ፣ ሁለት ሀፍላ ቀያይሬ። አቧራው ዓይን አያስገልጥም። ለእትዬ ሐዋ ልነግራቸው ነበር፣ እሳቸው ለሂክመት በዘዴ ይንገሩልኝ ብዬ። ፈሪ ነኝ፣ ግን ፈሪም ቢሆን መንገድ ይፈልጋል።

እትዬ ሐዋ ደጃፋቸው ላይ ወንበር አወጡልኝ። ልብስ ይሰፋሉ፣ መኪናቸው አጠገባቸው ነው። እንደምን ነሽ፣ ልጆቹ እንደምን ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። ስለ ዘይነባ አነሳሁ። እጃቸው ቆመ። ልጄ ችኩል ነበረች አሉ። ገና ከሕፃንነቷ ጀምሮ ችኩል ናት አሉ። ክሩን በጥሰው ደግሞ፣ አይ፣ አልነበረችም አሉ። ቀስ ብላ ነበር የምትሠራው፣ አንድ ልብስ አጥባ ሦስቴ ታያለች፣ ምን እንደነካት እስከ ዛሬ አልገባኝም አሉ።

አፌን ከፈትኩ። እትዬ ሐዋ፣ አልኩ። ወዬ አሉኝ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፣ ደብተሬ። አንቺ ባትኖሪ ይቺ ልጅ ምን ትሆን ነበር፣ አላህ ይስጥሽ አሉኝ። ተነሳሁ። ሀፍላ ያመልጠኛል አልኩ። ዘይነባም ያን ዕለት ያለችው እሱን ነው።

መንገዱን ሁሉ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ በዓረብኛ ማን ሞተብሽ አሉኝ። ተማሪዬ አልኩ። ለምን ተማሪዬ እንዳልኩ አላውቅም። ክሩን ያስተማርኳት እኔ ስለሆንኩ ይሆናል።

ሐሙስ መጋቢት 28፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ጽጌ ደግሞ ደወለች። ብትነግሪያት እኔንም ትጠላኛለች፣ ዝም ብያለሁና አለች። እውነቷን ነው። እኔ ስለራሴ ብቻ ነበር የማስበው። እንዲህ አልኳት፦ አንቺ አላሰርሽም፣ ያንቺን ስም አላነሳም። ታነሺዋለሽ አለች፣ መዋሸት አትችዪበትም። ሳቀች። ይሁን አለች። አልቅሳ ዘጋችው።

ስቆጥረው ያለኝ ነገር ይኸው ነው፦ ቲቸር መባል፣ የጁምዓዋ ክፍል፣ ሂክመት ዓርብ ዓርብ መምጣቷ። ሦስቱም ነገ ሊሄዱ ይችላሉ። ቤተሰቦቿ ሊከሱኝ ይችላሉ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አልታደሰም፣ ፖሊስ ጋ ከደረሰ የት እንደምገባ አላውቅም። እፈራለሁ።

ግን ነገ ያቺ ልጅ ሰላሳ ሴት ፊት ቆማ እህቷን ሞኝ ልትላት ነው። የጻፈችው በኬሚስትሪ ነው። እኔ ባስተማርኳት ኬሚስትሪ። እኔ ደግሞ ጥግ ተቀምጬ ጎበዝ ልላት?

አልችልም። ይኼን አልችልም።

ዓርብ መጋቢት 29፣ ከጠዋቱ 3 ሰ.

ክፍሉን ጠርጌ ጨረስኩ። ሴቶቹ አራት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ሂክመትን ቀድመሽ ነይ ብዬ ላክሁባት፤ ሰው ፊት አልነግራትም፣ ያ ለኔ ይቀለኛል፣ ለሷ ግን ጭካኔ ነው። ብቻችንን። ከፈለገች ትምታኝ። ከፈለገች እትዬ ሐዋን ትጥራ። ፖሊስ ካለችም አብሬያት እሄዳለሁ፣ ነጠላዬን አስቀምጫለሁ። ንግግሯን የምታደርግም ከሆነ እውነቱን ይዛ ታድርገው። የማታደርግም ከሆነ እኔ ቆሜ አደርገዋለሁ።

ማለዳ ወጥቼ እንዴት እንደምጀምር ስለማመድ ነበር። በረዥሙ ነበር ያሰብኩት፤ ስለ ቀይ ክር፣ ስለ ሳሙናው፣ ስለ ጉንፋኑ። ያ ሁሉ ሰበብ ነው። በኋላ ከጠየቀችኝ እነግራታለሁ። መጀመሪያ የሚቀድመው ለዘይነባ የሚገባው ነው።

ሀፍላው ቆመ። በሩ ተንኳኳ፤ ሌላ ጊዜ ሳታንኳኳ የምትገባዋ ዛሬ ደግሞ አንኳኳች። ወረቀቷን ይዛለች፣ በመስኮት ይታየኛል። አዲስ ሻርፕ አድርጋለች።

ልዘጋሽ ነው። ሳትቀመጥ እነግራታለሁ፣ ከተቀመጠች እሸነፋለሁ። እንዲህ ነው የምላት፦ ሂክመት፣ እህትሽ አይታ ነው ያፈሰሰችው፤ እህትሽ ምንም አላጠፋችም፣ ያጠፋሁት